በመድረክ ላይ የሞተችው አክስት

ሽቦ አክስቷን የገደለቻት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ መጻሕፍት መደብር ውስጥ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል ነው። የገደለቻት በአፏ ነበር። አክስቷ በዚያች ሰዓት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ እየሰፋች ስለነበር ስለ መሞቷ የሰማችው ነገር የለም። ከዚያም በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትሰማ፣ በደህና ኖረች።

ሽቦ የቤት ስሟ ነው። ስሙን ያወጣችላት ያቺው አክስቷ ናት፤ ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜትር ለክታት፣ "ይቺ ልጅ ሳትሆን ሽቦ ናት፤ ወገብ የላት፣ ዳሌ የላት፣ ልብሱን ምን ላይ ልስቀለው" ብላ። ኋላ ጊታር ስትይዝ ሰው ሁሉ ከጊታር ክር የመጣ የመድረክ ስም መሰለው። እሷም አላረመችም። ሰው የመሰለውን፣ እሷን እስካልጎዳት ድረስ፣ አለማረም የቆየ ጠባይዋ ነው።

ያደገችው አክስቷ የስፌት ክፍል ውስጥ ነው። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ስለነበረች ጠዋት አምጥታ ትጥላት፣ ማታ መጥታ ትወስዳት ነበር፤ እናቷ ስትሞት ደግሞ የሚወስዳት ጠፋና እዚያው ቀረች። ክፍሉ አንድ መስኮት፣ ሁለት መኪናና እስከ ጣሪያ የተደረደረ የጨርቅ ጥቅል ነበረው። አክስቷ ፔዳሉን ስትረግጥ አብራ ታንጎራጉራለች። ግጥሙን የምትገጥመው ራሷ ናት፤ ዜማው የእግሯ ነው። ጠርዝ ላይ ይፈጥናል፣ ቁልፍ ማስገቢያ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

መርፌዬ ሄደች ክሯን አስከትላ፣
ጨርቁ ሲያልቅባት ቀረች ተንጠልጥላ።

ይህን ያለች እንደሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ሳቅ ነው፤

ሰባት ክንድ ለክቼ ለሆዷ ባይበቃኝ፣
መጋረጃ ጨመርኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ወፍራሟ ደንበኛ በእውነት ነበረች፤ መጋረጃውም በእውነት ተጨምሯል።

ሽቦ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስታቲስቲክስ ተማረች፤ ሁለት ዓመት ቢሮ ተቀምጣ የሌላ ሰው ሰንጠረዥ ሞላች፤ ከዚያ መልቀቂያ አስገብታ ጊታሯን አነገተች። አክስቷ አልተቆጣችም፣ አልመረቀችም። "ከራበሽ ነይ፤ ከጠገብሽም ነይ" አለቻትና ለመድረክ የሚሆን ቀሚስ ለካቻት። ከዚያ ወዲህ ሽቦ መድረክ ላይ የለበሰችው ሁሉ ከዚያች ክፍል የወጣ ነው።

አንድ አሳታሚ ድምጿን ወድዶ አስጠርቷት ነበር። "ኪቦርድ እንጨምርበት፣ ከበሮ እንጨምርበት፣ ሰው ይነሳ" አላት።

"ተቀምጦ ቢሰማስ?"

"ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ትኬት አይቆርጥም።"

ተነስታ ወጣች። ይህን ታሪክ ስታወራ ኩራት ኩራት ይላታል፤ በማግስቱ መልሳ መደወሏንና ሰውየው ስልኩን አለማንሳቱን ግን አታነሳውም። እንዲህ ሆኖ ለብቻዋ ሠራች። ቀጠሮ የምትይዘው እሷ፣ ማስታወቂያ የምትለጥፈው እሷ፣ ድምፅ ማጉያ የምትሸከመው እሷ፣ ሲያልቅ ወንበር የምታጥፈውም እሷ። መጻሕፍት መደብር፣ ሻይ ቤት፣ የጥርስ ሐኪሞች ዓመታዊ ስብሰባ፣ አንዴም የቀለም ፋብሪካ ምርቃት። አውቶቡስ ውስጥ ጊታሩን ከነሳጥኑ አቁማ ስትይዘው "ሬሳ ነው እንዴ የያዝሽው?" የሚላት አይጠፋም። "ገና ነው፣ እያጣጣረ ነው" ትላለች።

የአክስቷ ዘፈን የራሱ ጣጣ ነበረው። የፔዳሉን ድምፅ ጊታር ላይ ለማምጣት ሦስቱን ወፋፍራም ክሮች ማላላት ያስፈልጋል፤ ክር ደግሞ ላላ ስላሉት አይላላም፤ ይንሸራተታል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ እንደገና ይቃኙታል። አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ባንድ ያለውን ሰው ከበሮ መቺው ይሸፍንለታል። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግን እጁ መቃኛው ላይ እያለ አፉ መሥራት አለበት፤ አለዚያ አንዱ ማሳል፣ ሌላው ስልክ መነካካት ይጀምራል፣ በሦስት ዘፈን የሰበሰበችው ሰው በአንድ ደቂቃ ይበተንባታል።

መጀመሪያ ቀልድ ሞከረች። ቀልዱ ከክሩ ቀድሞ ያልቃል። ቀጥሎ እውነቱን ሞከረች፤ "ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ዜማው የመኪናዋ ፔዳል ነው።" ሰው ፈገግ ይላል። ፈገግታ ሃያ ሰከንድ ይቆያል።

በዚያ ቅዳሜ መጻሕፍት መደብሩ ውስጥ ከፊት ረድፍ አንዲት ጡረተኛ መምህር ተቀምጠው ነበር። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ ጭናቸው ላይ የታጠፈ መሐረብ አለ። ሽቦ ስለ አክስቷ ማውራት ስትጀምር ጎንበስ ብለው፣ "አክስትሽ በሕይወት አለች፣ ልጄ?" አሏት።

አራተኛው ክር እየተንሸራተተ ነው፤ ገና አንድ ደቂቃ ይቀራል። ሽቦ ቀና ስትል የሴትዮዋን ፊት አየች። ሰው የሞተበት፣ ሰው የሞተበት ሌላ ሰው የሚፈልግ ፊት ነበር።

"የለችም" አለች። "ዐርፋለች።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሳል የለ፣ ስልክ የለ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ የለ። አራት ዓመት ስትለማመጠው የኖረችው ጸጥታ በሁለት ቃል መጣላት። ክሮቿን ረጋ ብላ ቃኘች። ዘፈኑንም የለቅሶ ያህል አዘገመችው፤ የወፍራሟ ደንበኛ ስንኝ ሲደርስ ዘለለችው፣ ሟች አትቀልድምና። ሲያልቅ መምህሯ መጥተው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እህቴን የቀበርኳት አምና ነው። እንዲህ አድርጎ ያወራልኝ ሰው የለም" አሏት።

"እግዜር ያጥናዎት" አለች ሽቦ።

ያኔ ልታርመው ትችል ነበር። ሴትዮዋ እጄን ይዘው እያለቀሱ እንዴት ይሆናል፣ በሚቀጥለው ጊዜ፣ አለች በሆዷ። በሚቀጥለው ጊዜ መምህሯ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ።

ከዚያ ወዲያ የአክስቷ ሞት እንደማንኛውም የመድረክ ሥራ እየተሻሻለ ሄደ። በምን ሞተች ብለው ሲጠይቁ ልብ ሆነ። የት ነበርሽ ሲሉ አጠገቧ ሆነ። አንድ ቀን ክሩ ከወትሮው ሲብስባት፣ "እጄን ይዛ 'ዝፈኚ' አለችኝ" የሚል ጨመረች፤ ያ ሲገባ ታሪኩ በትክክል አንድ ደቂቃ ተኩል ሞላ። እናቷ በእውነት ሞታለች። የሞተችው ሆስፒታሉ ውስጥ ተረኛ ሆና ሳለች፣ ኮሪደር ውስጥ፣ ማንም እጇን ሳይዝ ነው። ስለሷ ሽቦ መድረክ ላይ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

በቀጣዩ ዓመት አልበም ሠራች። ስቱዲዮ የሚባለው ነገር ዞሮ ዞሮ ድምፅ የማይመልስ ክፍል ነው፤ እንደ ጨርቅ ጥቅል ድምፅ የሚውጥ ደግሞ የለም። ስለዚህ አራት እሑድ የአክስቷ ክፍል ውስጥ ቀዳች። አክስቷ በርጩማ ይዛ ኮሪደር ላይ ትቀመጥና በእጇ ቁልፍ ትተክላለች። ሳል ሲመጣባት ደረጃውን ወርዳ፣ ግቢ ወጥታ፣ አስላ ትመለሳለች። የራሷን ዘፈን ግን አልሰማችም፤ ሽቦ እሱን የቀዳችው አክስቷ ልብስ ለደንበኛ ልታደርስ በወጣችበት ሰዓት ነው። ሲዲው ሲወጣ ሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል "ለሟች አክስቴ መታሰቢያ" የሚል ነበረበት። ለአክስቷ ዘፈኖቹን በፍላሽ ገልብጣ፣ ያለ ሽፋን፣ አንዱን ቀንሳ ሰጠቻት።

"የኔዋስ?" አለች አክስቷ አዳምጣ ስትጨርስ።

"ገና ናት እቴቴ፣ አልተስተካከለችም።"

"አትቸኩዪ። ጥሩ ልብስ በጥድፊያ አይሰፋም።"

ሽፋኑን ብትሰጣትም አታነበውም ነበር። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ጀምሯት መርፌ እንኳ የምትሰካው በጣቷ ዳብሳ ነው። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ብሎ ቀጠሮ ሰጣት፤ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ ያዛወረችው ሽቦ ናት። በመጀመሪያው ቀን በእውነት ሥራ ነበራት። ሁለተኛውን እሷም እንጃ። አክስቷ አለማየቷ ተመችቷት ነበር። ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ አክስቷ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ሄዳ ተሠርታ መጣች።

"ዓይኔ ተከፈተ" አለች በስልክ። "ግድግዳዬ እንዲህ መቆሸሹን ማን ያውቅ ነበር? አንቺ ስትገቢ ስትወጪ አይተሽ ዝም ነው?"

"አላስተዋልኩትም እቴቴ።"

"ቅዳሜ የት ነው የምትዘፍኚው?"

"ሩቅ ነው። ሁለት አውቶቡስ ነው።"

"ሁለት ዓይን አለኝ።"

"ወንበሩ እንጨት ነው፣ ለወገብሽ…"

"ትራስ አመጣለሁ። ሰባት ዓመት ስትዘፍኚ አንድ ቀን አላየሁሽም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ፣ እሑድ እሑድ ድካም። ዩኒፎርሙን አስረክቤያለሁ። የት ነው አልኩሽ እኮ።"

ሽቦ ነገረቻት። ሌላውንም ያን ጊዜ መንገር ትችል ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ግን ስትታመም የምትደውልለት፣ ደስ ሲላትም የምትደውልለት አንድ ሰው ቢኖራት ይህቺ ናት፤ ይህ ነገር ከታወቀ ያቺን አንድ ሰው ልታጣ ነው። ስልኩን ዘጋችና ሦስት ቀን ሙሉ ሰበብ ስትፈልግ ሰነበተች።

ዝግጅቱ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለሁሉም ነገር ፕሮግራም የሚያወጣ፣ ደግ፣ ጥድፊያ የሚወድ ሰው ነው። "የሟች አክስቷን ዜማ ይዛ ትቀርባለች" የሚል ፖስተር አሠርቶ በሰባት ቦታ አስለጥፏል። ሽቦ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ደርሳ ሕንፃውን ዞራ ስድስቱን ቀደደች። ሰባተኛውን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

"ፖስተሮቹን ማን አነሳቸው?" አለ ኃላፊው።

"ንፋስ ይሆናል።"

"ውስጥ የነበሩትንም?"

ወሬውን ለወጠችበት። "ዛሬ የአክስቴን ዘፈን ባልዘፍነው ምን ይመስልሃል?"

"እንዴት ይሆናል? ሰው የሚመጣው ለሱ እኮ ነው። መምህሯ ብቻ አሥራ አራት ወንበር አስይዘዋል።"

አክስቷ ትራሷን በብብቷ ይዛ መጣች። አዲሱ ዓይኗ ዕረፍት አልነበረውም፤ ከበሩ ጀምሮ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። "'ዝምታ ይከበር።' 'ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።' 'ወንበር አይጎተት።' አቤት የትዕዛዝ ብዛት፣ እናንተ እዚህ ቤት ምን ይፈቀዳል?"

ኃላፊው ሳቀ። "እኚህ እናት ካንቺ ጋር ናቸው?" አለ ሽቦን።

ሽቦ አክስቴ ካለች አለቀ። ጎረቤቴ ልትል ከንፈሯ ላይ ደረሰና እንዳይጋለጥ ፈራች። በመጨረሻ የወጣው ውሸት እንኳ አልነበረም።

"ልብሴን የሚሰፉልኝ ናቸው" አለች። አንድም ቀን አንቱ ብላት የማታውቀውን ሴት አንቱ አለቻት።

አክስቷ ዞር ብላ አየቻት። ያ ዓይን ከእንግዲህ ብዥ አይልም፤ ከክርኗ እስከ አንገቷ፣ የቀሚሱን ስፌት እንደምትፈትሽ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

"አዎ፣ ሰፊዋ ነኝ" አለች ለኃላፊው። "ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?"

ብዙ ቆየች። ስትመለስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የቀረው አንድ ወንበር ከፊት ረድፍ፣ ከመምህሯ ጎን ያለው ነው። ትራሷን አስተካክላ ተቀመጠች። መምህሯ ቦርሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። ሁለቱ ነጭ ፀጉሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ሽቦ ከመድረኩ ሆና አየችና የመጀመሪያውን ዘፈን በተሳሳተ ቃና ጀመረች።

ሦስቱ ዘፈኖች እንደ ምንም አለፉ። ለአራተኛው እጇን መቃኛው ላይ አደረገች። ዛሬ አላወራም ብላ ቆርጣ ነበር፤ ያስሉ፣ ስልካቸውን ያውጡ፣ እኔ ዝም ብዬ እቃኛለሁ። ክሩን አላላችው። ተንሸራተተ። ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንድ ሰው አሳለ። ሽቦ ቀና ሳትል ሁለተኛውን ክር ያዘች።

ኃላፊው ግን ሐዘኑ በርትቶባት መናገር አቃታት ብሎ አሰበ። ደግ ሰው ነው ብለናል። ከጎን ብቅ አለና ማይኩን ያዘላት።

"የምታውቁት ታሪክ ነው" አለ። "ይህን ዘፈን ያስተማረቻት፣ እንደ እናት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ዛሬ በሕይወት የለችም። እባካችሁ፣ ከመዘፈኑ በፊት ተነስተን ለአንድ ደቂቃ እናስባት።"

ሁሉም ተነሳ። አክስቷም ትራሷን ይዛ ተነሳች።

ሽቦ ተቀምጣ ቀረች፤ ጊታሩ ጭኗ ላይ ነው። መምህሯ ወደ አክስቷ ጆሮ ዘንበል ብለው አንድ ነገር ሲያንሾካሹኩ አየች፤ አላወቀች ይሆናል ብለው እያስረዷት ነው። አክስቷ አንገቷን ነቀነቀች። መምህሯ መሐረባቸውን አወጡ። ያን ጊዜ አክስቷ ትራሱን ወደ ግራ ብብቷ አዛወረችና በቀኝ እጇ የመምህሯን እጅ ያዘች፤ ከንፈሯ "እግዜር ያጥናችሁ" ሲል ሽቦ ከመድረክ ላይ አነበበችው። ለራሷ ሞት ሌላውን አጽናናች። ይህን ሁሉ ለማቆም ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ሦስት ዓመት ያለ ዕረፍት የሠራው አፍ በዚያች ደቂቃ አልከፈት አለ።

ሰው ተቀመጠ። ዘፈነች። በዚያው በለቅሶው ዝግታ፣ ወፍራሟን ደንበኛ ዘልላ። ጭብጨባው እንደዚያ ቀን ሆኖ አያውቅም። መምህሯ አክስቷ ትከሻ ላይ ተደግፈው ነበር፤ አክስቷም አንድ ልብስ ተሰፍቶ ሲያልቅ እንደምታደርገው ጀርባቸውን መታ መታ ታደርጋቸዋለች።

በመልሱ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጊታሩ በመካከላቸው ቆሟል። አክስቷ የሱቅ ጽሑፍ ማንበቧን ትታ ነበር። ሦስት ፌርማታ ካለፈ በኋላ አፏን ከፈተች።

"ወፍራሟ ደንበኛዬ የት ገባች?"

"ምን?"

"ሰባት ክንድ ለክቼ። እሷን አልዘፈንሽም።"

"አልገጠመም… ከስሜቱ ጋር አልሄደም፣ እቴቴ።"

"እህ።" ሌላ ፌርማታ አለፈ። "ሽንት ቤቱ በር ላይ ራሴን ሞቼ አገኘሁት። ፖስተሩ ከውስጥ በኩል ነው የተለጠፈው። ተቀምጬ ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ዓይኔን ነበር የጠረጠርኩት።"

ሽቦ የጊታሩን ሳጥን እጀታ ጨብጣ ወለሉን አየች።

"በምን ሞትኩ?"

"በልብ።"

"ልቤ ደህና ነው። ጉልበቴ ብትዪ ይሻል ነበር።"

"በጉልበት ሰው አይሞትም።"

"አንቺ ከፈለግሽ ይሞታል።" ትራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። "አንቺስ የት ነበርሽ ስሞት?"

"አጠገብሽ። እጅሽን ይዤ።"

"ደግ አደረግሽ። ምን አልኩሽ?"

"እቴቴ፣ ይቅር…"

"ምን አልኩሽ?"

"'ዝፈኚ' አልሽኝ።"

አክስቷ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ብዙም አልሄደም። "እኔ? እኔ 'መኪናውን አቧራ እንዳይገባበት ሸፍኑት' ነበር የምለው።"

ሽቦ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ክሩ፣ ስለ አንድ ደቂቃ ተኩሉ፣ ስለ መምህሯ ጥያቄ፣ ስለ ሽፋኑ፣ ሁለተኛ ቀጠሮዋን ስላዛወረችበት ሁኔታ ሳይቀር። አክስቷ አላቋረጠቻትም። ከፊታቸው የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ ሊያያቸው ሲሞክር "ወደ ፊትህ እይ፣ ሟች እያናገረች ነው" አለችውና ተመለሰ።

"ሞትሽ ማለትሽ ግድ አይሰጠኝም" አለች መጨረሻ ላይ። "ሰው ሁሉ ይሞታል፤ አንቺ ትንሽ ቸኮልሽ። 'ልብሴን የሚሰፉልኝ ናቸው' ያልሽው ግን ከሞትኩ በኋላ አይደለም። ቆሜ እያየሁሽ ነው።"

ሽቦ የጊታሩን ሳጥን ወደ ራሷ አስጠጋች።

"ያቺ መምህር ስልኳን ሰጥታኛለች" አለች አክስቷ ለመውረድ እየተነሳች። "ሐሙስ ቤቴ መጥተሽ ሻይ እንጠጣ፣ ስለ ሞቱብን እንጫወት ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። ደስ የምትል ሴት ናት። እንግዲህ ማን ነኝ ብዬ እንደምሄድ እስከ ሐሙስ አንቺ ታውቂበታለሽ። እኔ ሁለተኛ ሰፊዋ ነኝ አልልም።"

ሽቦ እሑድና ሰኞ ከቤት አልወጣችም። ማክሰኞ ለመምህሯ ልትደውል አሥር ጊዜ ስልክ አነሳች፤ በስልክ ከሆነ ደግሞ ማሳመር እንደምትጀምር ራሷን ታውቃለች። ረቡዕ ጠዋት ጊታሩን ሳትይዝ ሄደች።

መምህሯ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው። በሩን ሲከፍቱ እጃቸው በውኃ ርሶ ነበር፤ በረንዳው ላይ በወተት ቆርቆሮ የተተከሉ አበቦች ያጠጣሉ። "ውይ፣ ልጄ፣ ግቢ፣ ግቢ። ነገ እንግዳ አለብኝ ብዬ ቤቱን ገለባብጬው ነው። ያቺን ሰፊ ጓደኛሽን ነው የምጠብቀው" አሉ። ግድግዳው ላይ የእህታቸው ፎቶ አለ፤ መነጽር ያደረገች፣ ልትስቅ ስትል የተነሳች ሴት። ከሥሩ መደርደሪያው ላይ የሽቦ ሲዲ በሽፋኑ በኩል ቆሟል።

ሽቦ አልተቀመጠችም። ብትቀመጥ ሻይ ይመጣል፤ ሻይ ከመጣ አትናገርም።

"ያቺ ሰፊ አክስቴ ናት" አለች። "የምዘፍንላት። አልሞተችም። ሞታም አታውቅም። ያን ቀን ሲጠይቁኝ ዋሸሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ዋሸሁ።"

መምህሯ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። አርባ ዓመት ተማሪ ሲዋሻቸው የኖሩ ሴት ናቸው፤ እውነት ሲነገራቸው ቶሎ ለዩት።

"ቅዳሜ እጄን ስትይዘኝ ታውቅ ነበር?"

"ያወቀችው ያን ቀን ነው። ከመቀመጧ በፊት።"

"አውቃ ነው 'እግዜር ያጥናችሁ' ያለችኝ?"

"አዎ።"

"አንቺን ላለማሳፈር።"

"አዎ።"

መምህሯ ወደ ፎቶው ዞሩ፤ ከዚያ ሲዲውን አንስተው መነጽራቸውን አደረጉና ደቃቁን ጽሑፍ አነበቡት፤ የሚያውቁትን ነገር እንደ አዲስ እንደሚያርሙ ነበር አነባበባቸው። "የእህቴ ሙት ዓመት ዕለት እሱን ዘፈን ከፍቼ፣ ልጆቿን ሰብስቤ፣ የአንቺን አክስት ታሪክ ነገርኳቸው" አሉ። "እጇን እንደያዝሽ። እኔ የእህቴን አልያዝኩም። መድኃኒት ልገዛ ወርጄ ነው የሞተችው። ያንቺን ስሰማ፣ አንድ ሰው እንኳ ደረሰ፣ እል ነበር።"

ሽቦ ይቅርታ ልትል ጀመረች።

"ተይው" አሉ መምህሯ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ የክፍል በር እየዘጉ ያሉ ያህል ብቻ ነው። ሲዲውን ሰጧት። "አክስትሽ ነገ ትምጣ። ማን እንደሆነች አውቄያለሁ በያት፣ እንዳትጨነቅ። አንቺ አትምጪ።"

ሽቦ ደረጃውን ወረደች። ከታች ስትደርስ አበባ ማጠጣቱን ቀጥለው ነበር፤ ውኃው ከበረንዳው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል።

ለአክስቷ የደወለችው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ ነው። "ነገርኳቸው" አለች። አክስቷ "እሺ" አለችና ዘጋች፤ መኪናው ከኋላ ይሰማ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሽቦ ሥራ አልነበራትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁን ደርሳለች አለች። አሥር ሰዓት ላይ አሁን ሻዩ ቀርቧል አለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከዚያ በላይ መታገሥ አቃታት።

"ሄድሽ?"

"ሄጄ መጣሁ" አለች አክስቷ። አፏ ውስጥ ክር ወይም መርፌ ያለ ይመስላል፤ ቃሎቿ በጥርሷ መካከል ያልፋሉ። "ጥሩ ቤት ነው። መጋረጃዋ ግን አጥሯል፣ ለክቼላት መጣሁ።"

"ምን አወራችሁ?"

"ስለ እህቷ። ከልጅነቷ ጀምራ። ስለ እናትሽም ነገርኳት። አለቀስን፣ ሳቅን።"

"ስለ እኔስ?"

አክስቷ መርፌውን ከአፏ አውጥታ አንድ ቦታ ስትሰካው ድምፁ ተሰማ።

"አንቺ ጋ አልደረስንም" አለች።